«ያዢ፣ ያዢ፣ ያዢ» የሚለው ማሽን እና አልታዘዝ ያለው ልብ

የዚህ ጽሑፍ ጣጣ የመጣው ከአንዲት ወረቀት ነው። ከመካከላችን የአንዷ እናት (እዚህ «እማማ» እንበላቸው፤ ለነገሩ ሁላችንም የምንጠራቸው እንደዚያው ነው) ልጃቸውን ሊያዩ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ በሄዱ በሁለተኛው ወር ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ደረጃ መውጣት አቃታቸው፤ እግራቸው አበጠ፤ ሌሊት በሁለት ትራስ ካልተደገፉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ሐኪም ቤት ተወሰዱ። በአልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ በምንለው፣ ልባቸው ታየ፤ ግን ነገሩ አልለየም። የልብ ኤም.አር.አይ ይነሱ ተባለ።

ማሽኑ ውስጥ የገባ ሰው ያውቀዋል። ጠባብ ነው፤ ያንኳኳል፤ ጆሮህ ላይ ማዳመጫ ይደረግልሃል። በማዳመጫው አስቀድሞ የተቀዳ የሴትዮ ድምፅ «ወደ ውስጥ ተንፍስ፣ ወደ ውጭ ተንፍስ፣ ትንፋሽህን ያዝ» ይልሃል፤ በእንግሊዝኛ። እማማ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ስለዚህ ጓደኛችን ከመስታወቱ ወዲህ ማይክሮፎን ተሰጣትና አስተርጓሚ ሆነች። «እማዬ፣ አስወጪ። አሁን ያዢ። ያዢ፣ ያዢ፣ ያዢ…» አስር ሰከንድ፣ አስራ አምስት ሰከንድ። «በቃ፣ ተንፍሺ።» አንድ ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነበር። ልብን ከላይ እስከ ታች በስሱ በስሱ ከፋፍሎ ለማየት ይሄ ነገር ከአስር ጊዜ በላይ ይደጋገማል። አራተኛው ላይ እማማ ሳሉ። ስድስተኛው ላይ «አንቺ ልጅ፣ ልትገድይኝ ነው እንዴ?» አሉ። ጓደኛችን ከዚያ በኋላ «ያዢ» የሚለውን ቃል ለማንም ሰው መናገር አስጠልቶኛል ትላለች።

ከሳምንት በኋላ የመጣችው ወረቀት ላይ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት የተጻፈው ነገር፣ ወደ አማርኛ ስንመልሰው እንዲህ ይላል፦ በሽተኛዋ መተባበር ባለመቻላቸውና የልብ ምታቸው የተዛባ በመሆኑ የምስሉ ጥራት ውስን ነው።

መተባበር ባለመቻላቸው! ትንፋሽ አጠረኝ ብሎ የመጣን ሰው ትንፋሽህን ያዝ ማለት፣ ከዚያ ደግሞ «አልተባበረም» ብሎ መጻፍ። ልቤ ይዛባብኛል ብሎ የመጣን ሰው ልብህ ስለተዛባ ላየው አልቻልኩም ማለት። ዓይን ሐኪም ጋ ሄዶ «ሰሌዳውን ማንበብ ስላልቻልክ ልመረምርህ አልችልም» እንደመባል ነው።

ተናደድን። ስንናደድ ደግሞ ማንበብ እንወዳለን (የሚያዋጣ ባይሆንም)። ከመካከላችን ሁለቱ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማሩ ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ራዲዮሎጂ እየተማረ ያለ ሐኪም ስለሆነ እየተሳደበ አስረድቶናል። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ተመትቶ የማያውቅ ምት

እኛም የማናውቀው የነበረው ነገር ይሄ ነው፦ በአብዛኛው ሐኪም ቤት የሚነሳው የልብ ኤም.አር.አይ «ፊልም» የአንድ የልብ ምት ፊልም አይደለም።

ኤም.አር.አይ እንደ ካሜራ ቀጭ አድርጎ አያነሳም። በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ (ብዙውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ) ሰውነታችን ውስጥ ያለውን ውሃ፣ በተለይም የሃይድሮጂኑን አስኳል፣ በሬዲዮ ሞገድ ነካ ያደርግና የሚመልሰውን ያዳምጣል። በአንድ ንክኪ የሚያገኘው መረጃ ከምስሉ አንዲት መስመር ያህል ቢሆን ነው። ደህና ምስል ለመሥራት ደግሞ ከመቶ በላይ መስመር ይፈልጋል። ጉልበት ወይም አንጎል ሲሆን ችግር የለም፤ ሰውየው ካልተነቃነቀ ይጠብቃሉ። ልብ ግን ማንንም አይጠብቅም። በእረፍት ላይ ያለ የጤነኛ ሰው ልብ እንኳን በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል።

ታዲያ ምን ዘዴ ተፈጠረ? እስክስታን አስቡ። ካሜራችሁ በአንድ የከበሮ ምት ውስጥ የጨፋሪዋን ጥቂት ክፍል ብቻ የሚያነሳ ነው እንበል። የመጀመሪያው ምት ላይ ግራ ትከሻዋን ታነሳላችሁ፤ ሁለተኛው ላይ ቀኙን፤ ሦስተኛው ላይ አንገቷን፤ እያለ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ አስሩን ገጣጥማችሁ «እነሆ አንድ እስክስታ» ትላላችሁ። ጨፋሪዋ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከወረደች፣ ከበሮ መቺውም ካልተዛነፈ ማንም አይነቃባችሁም። የልብ ኤም.አር.አይ ከበሮ ኢ.ሲ.ጂ ነው። ደረት ላይ የሚለጠፉት ሽቦዎች ምቱን እየተከታተሉ ማሽኑን «አሁን!» ይሉታል። ትንፋሽ የሚያዘው ደግሞ ሳንባ በተነፋና በተነፈሰ ቁጥር ልብን ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚገፋው፣ ጨፋሪዋ መድረኩ ላይ ቦታ እንዳትቀያይር ነው። (ከበሮ መቺው ራሱም አይታመንም፦ በማግኔት ውስጥ የሚፈስ ደም የራሱን ኤሌክትሪክ ስለሚፈጥር ኢ.ሲ.ጂው እዚያ ውስጥ ይረበሻል።)

ለጤነኛ ልብ ውጤቱ እጅግ ያማረ ነው፤ አንክድም። ግን ልብ በሉ፦ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ምት በዚያ ሰው ደረት ውስጥ ተመትቶ አያውቅም። ከአስር ምናምን ምት የተቆራረጠ ስፌት ነው። እንደ እማማ ያለ ልብ፣ አንዱ ምት ረዝሞ ሌላው አጥሮ፣ አንዱ ሞልቶ ሌላው ሳይሞላ የሚመታ ልብ ሲመጣ ስፌቱ ይተረተራል። የሚታየው ጭጋግ ነው። ስለዚህ ይሄ ዘዴ ከሁሉም አሳምሮ የሚያየው ሐኪም ቤት መምጣት የማያስፈልገውን ልብ ነው ብንል አጋነናችሁ አትበሉን። ትንሽ ነው ያጋነንነው።

የጎቲንገኑ ሰውዬ

አሁን ወደ ጀርመን እንሂድ። ጎቲንገን በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ ማክስ ፕላንክ ተቋም ውስጥ፣ የንስ ፍራም የሚባሉ የፊዚክስ ሰው አሉ። እሳቸውን ለማድነቅ ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ኤም.አር.አይ ምስል ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1973 ነው። ፖል ላውተርበር የተባሉ አሜሪካዊ ኬሚስት ውሃ የያዙ ሁለት ቀጫጭን ብልቃጦችን በማግኔት «አነሱ»፤ ኔቸር መጽሔት መጀመሪያ አልፈልግም ብሎ መለሰባቸው፤ ተከራክረው አሳተሙት። በ2003 በዚሁ ሥራ ኖቤል ተሸለሙ። አብረዋቸው የተሸለሙት እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ ደግሞ በአስራ አምስት ዓመታቸው ትምህርት አቋርጠው ማተሚያ ቤት ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው (ይቺን ለታናናሾቻችን አንነግራቸውም)። ማንስፊልድ በ1977 እጅግ ፈጣን የሆነ ዘዴ አመጡ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኖቲንግሃም ውስጥ ከቡድናቸው ጋር ሆነው የጥንቸልን ደረት እየተንቀሳቀሰ አሳዩ። ስለዚህ የሚመታን ልብ በቅጽበቱ ማየት የትናንት ሕልም አይደለም፤ ቢያንስ የአርባ ዓመት ሕልም ነው። ነገር ግን የዚያ ዘዴ ምስል ሻካራ ነበር፤ ልብ በአየር በተሞላ ሳንባ የተከበበ ስለሆነም ምስሉ ይጣመማል።

ለሌላው ሰው ግን ኤም.አር.አይ ያን ጊዜ ገና ደቂቃዎች የሚፈጅ ነገር ነበር። ምክንያቱ መጠበቅ ነው። በእያንዳንዱ ንክኪ የሃይድሮጂኑ አቅም ስለሚሟጠጥ፣ እስኪያገግም ይጠበቃል፤ ከዚያ እንደገና ይነካል። ልክ ጀበናውን አንዴ ገልብጦ ሌላ ቡና እስኪፈላ እንደመጠበቅ። በ1985 ፍራምና ባልደረቦቻቸው አክሰል ሃዜን ጨምሮ «ለምን እንገለብጠዋለን? ትንሽ ትንሽ ብንቀዳስ?» አሉ። በትንሽ ማዕዘን ነካ፣ ወዲያው ማዳመጥ፣ እንደገና ነካ። መጠበቅ የለም። ፍላሽ የሚባለው ይሄ ዘዴ ኤም.አር.አይን ወደ መቶ እጥፍ አፈጠነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ኤም.አር.አይ ማሽን ሁሉ ይሄ ዘዴ ወይም ዘመዱ አለው ማለት ይቻላል።

እዚህ ጋ አንድ የምንወደው ታሪክ አለ። ማሽን የሚሸጡት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ዘዴውን ወዲያው ወሰዱት፤ ገንዘቡ ግን ወዲያው አልመጣም። ማክስ ፕላንክ ለዓመታት በፓተንት ተከራከረ፤ አሸነፈም። ገንዘቡ ሲመጣ በ1993 ፍራም የሚመሩት ለትርፍ ያልቆመ የምርምር ድርጅት ተቋቋመበት። ማለትም የሕዝብ ገንዘብ ምርምር ወለደ፤ ምርምሩ ኩባንያዎቹን አበለጸገ፤ ኩባንያዎቹ በግድ ከፈሉ፤ የከፈሉት ደግሞ ቀጣዩን ምርምር ወለደ። እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራ ምርምር መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ማየት ለለመድን ሰዎች ይሄ ተረት ይመስላል።

እና ቀጣዩ ምርምር ምን ነበር? በ2010 የፍራም ቡድን፣ ማርቲን ዩከር የሚባለውን ወጣት የስሌት ሰው ይዞ፣ አንዱን ምስል በ20 ሚሊሰከንድ የሚያነሳ ኤም.አር.አይ አሳተመ። በሰከንድ እስከ 50 ምስል ማለት ነው፤ ሲኒማ ቤት የምናየው ፊልም እንኳን 24 ነው። ከበሮ የለም። ትንፋሽ መያዝ የለም። ስፌት የለም። ሰውየው ተኝቶ ይተነፍሳል፤ ልቡ እንደ ልቡ ይመታል፤ የሚታየው ያኔ የተመታው ምት ነው። ሪል ታይም የሚባለው ይሄ ነው።

ዳቦው፣ ኔትወርኩ እና ቪዲዮ ጌሙ

ይሄ እንዴት ሆነ? ማግኔቱ አልተለወጠም። ይሄ ነው የሚገርመው። ሐኪም ቤት ያለው ማግኔት ነው።

የመጀመሪያው ነገር አቆራረጡ ነው። የተለመደው ኤም.አር.አይ መረጃውን እንደ መጽሐፍ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያነባል። ግማሹን ከዘለልክ ግማሹ ገጽ የለህም። የጎቲንገኖቹ ግን መረጃውን እንደ ድፎ ዳቦ ይቆርጡታል፤ ቢላው ሁልጊዜ በመሐል ያልፋል። አስራ አምስት ጊዜ ብቻ ቢቆርጡ እንኳን የመሐሉን፣ ማለትም የምስሉን ዋና አካል፣ በደንብ ያውቁታል፤ የሚጎድላቸው ዳር ዳሩ ነው። (ላውተርበርም በ1973 የቆረጡት እንደዚሁ በየአቅጣጫው ነበር። ዓለም ለዓመታት ትቶት ተመለሰበት።)

የጎደለው ዳርስ? እዚህ ላይ ሒሳቡ ይገባል። ስልክ እያወራችሁ ኔትወርክ ሲቆራረጥ «ነገ… ስምንት ሰዓት… ፒያሳ…» ብላ የተቋረጠችውን ልጅ ምን ለማለት እንደፈለገች ታውቃላችሁ፤ ምክንያቱም ትናንት ያወራችሁትን ታስታውሳላችሁ። ስሌቱም እንዲሁ ነው፦ ልብ ከ30 ሚሊሰከንድ በፊት ከነበረበት ብዙ ርቆ ሊሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ያለፈውን ምስል እንደ ፍንጭ ይዞ፣ የተቆራረጠውን መረጃ ይዞ፣ «ይሄን ሁሉ ሊያስከትል የሚችለው የትኛው ምስል ነው?» ብሎ ወደ ኋላ ይፈታል። ደረቱ ላይ ያሉት ብዙ አንቴናዎች እያንዳንዳቸው ከየት በኩል አጥርተው እንደሚሰሙም አብሮ ይፈታዋል፤ ሁለት ያልታወቀ ነገር በአንድ ጊዜ።

ይሄ ስሌት ከባድ ነው። መጀመሪያ ላይ ምስሉ በሚሊሰከንድ ይነሳና ስሌቱ በኋላ ተቀምጦ ይሠራ ነበር፤ ሐኪሙም ሰውየው ከወጣ በኋላ ነው የሚያየው። ያፈጠነው ምን መሰላችሁ? ግራፊክስ ካርድ። ቪዲዮ ጌም የምንጫወትበት ካርድ። ጌም ቤት ቁጭ ብለን ያጠፋነው ጊዜ በተዘዋዋሪ የልብ ሕክምናን እንደደገፈ ለቤተሰቦቻችን እናሳስባለን።

ፍራም በ2018 የአውሮፓ የፈጠራ ሽልማትን በምርምር ዘርፍ አሸንፈዋል። በዚህ ማሽን ያልታየ ነገር የለም ማለት ይቻላል፦ የሚውጥ ጉሮሮ፣ የሚናገር ምላስ፣ የሚዘፍን ሰው። የበርሊን ፊልሃርሞኒክ የሆርን ተጫዋች ሣራ ዊሊስ ማሽኑ ውስጥ ተኝታ ስትጫወት ምላሷ አፏ ውስጥ የሚሠራው ጉድ ታይቷል። ደስ ይላል። ግን እኛ ወደ እማማ ልብ እንመለስ።

ጠጋ ጠጋ በሉ

የእማማ ሐኪም የጠረጠረው ነገር ስሙ ከባድ ነው፤ ነገሩ ግን ታክሲ ተሳፋሪ ሁሉ የሚገባው ነው። ልብ በቀጭን ከረጢት ተሸፍና ነው የምትኖረው። ይሄ ከረጢት በበሽታ ከቆሰለ በኋላ ጠባሳ ሆኖ ሊደርቅና ሊጠነክር ይችላል። በታዳጊ አገሮች ለዚህ ዋናው መንስኤ ቲቢ ነው። አዎ፣ ሳንባ ላይ ብቻ የሚመስለን ቲቢ። ያን ጊዜ ልብ በጠባብ ሣጥን ውስጥ የታሰረች ትሆናለች።

አሁን የሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሆናችሁ ተቀምጣችኋል እንበል። አንደኛው ኪሱን ሊፈትሽ ሲዘረጋ ሌላው መስኮቱ ላይ ይጣበቃል፤ ትርፍ ቦታ የለማ። ልብም እንደዚያው ናት። ሰው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ወደ ቀኙ የልብ ክፍል የሚመለሰው ደም ይጨምራል። ጤነኛ ልብ ወደ ውጭ ሰፋ ብላ ታስተናግደዋለች። የታሰረችው ግን የምትሰፋበት የላትም፤ ስለዚህ ቀኝና ግራውን የሚከፍለው መሐል ግድግዳ ወደ ግራ ይጎብጣል። ትንፋሽ ሲወጣ ይመለሳል። ይሄ መጉበጥ የበሽታው ትልቅ ምልክት ነው።

ነገሩ ገባችሁ? ምልክቱ የሚታየው ሰውየው ሲተነፍስ ነው። ትንፋሽህን ያዝ ስትለው ተሳፋሪው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ማን ማንን እንደሚጨፈልቅ አይታይም። እማማ አንጀታቸው እስኪታጠፍ ትንፋሻቸውን የያዙት የተፈለገውን ነገር ለመደበቅ ነበር ማለት ነው። በሪል ታይም ግን ጥቂት ሰከንድ ይበቃል፦ «እማማ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ።» በቃ።

ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። የልብ ኤም.አር.አይ አዋቂዎች ለዚህ በሽታ በሪል ታይም ማየት እንደሚገባ ካወቁ ቆይተዋል፤ ከጎቲንገን ዘዴ በፊት የነበረው ሻካራው ሪል ታይም እንኳን ለዚህ ይበቃ ነበር። ብዙ ማሽን ላይም ሪል ታይም የሚል ምርጫ አለ። ችግሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው፦ መጨረሻ ላይ። ሰውየው «ሲያቅተው» የሚወጣ መጠባበቂያ ነው። መጀመሪያ ፈተናው ይሰጣል፤ ሲወድቅ ሌላው ይታሰባል፤ ሠራተኛው ቸኩሎ ከሆነ ደግሞ አይታሰብም።

የኛ አቋም እንግዲህ ግልጽ ነው። ትንፋሹ ያጠረና ምቱ የተዛባ ሰው ሲመጣ ሪል ታይሙ መጀመሪያ ይሁን። ማስተካከያ የሚያስፈልገው የማሽኑ ልማድ ነው እንጂ የእማማ ትብብር አይደለም። ወረቀቱ ላይም «በሽተኛዋ አልቻሉም» ሳይሆን «የተጠቀምንበት ዘዴ ለእኚህ ሴት አልሆነም» ተብሎ ይጻፍ። ቃል ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የመጀመሪያው ቃል ፋይሉን ይዘጋል፤ ሁለተኛው ሌላ ቀጠሮ ያስይዛል።

ራዲዮሎጂስቱ ጓደኛችን ይሄን ሲያነብ «ቀስ በሉ» አለን፤ ስለዚህ ቀስ እንበል። አንደኛ፣ የሪል ታይም ምስል ከተሰፋው ምስል ይልቅ ጥራቱ ይቀንሳል፤ እጅግ ቀጭን ነገር ይሰወርበታል። ሁለተኛ፣ ያለፈውን ምስል እንደ ፍንጭ መውሰድ ሲበዛ ፈጣን እንቅስቃሴን ሊያደበዝዝ ይችላል። ሦስተኛ፣ የልብን ጉልበት የሚለኩት ሶፍትዌሮች የለመዱት አንድ ቆንጆ ምት ነው፤ መቶ የተለያየ ምት ስታቀርብላቸው የቱን ልለካ ይላሉ። እውነትም የቱ ነው «ትክክለኛው»? እኛ እንደሚመስለን ትክክለኛው የሚባል የለም፤ የተዛባ ልብ መልሱ ራሱ መዛባቱ ነው፤ ሁሉንም ለክቶ ስርጭቱን መናገር ይሻላል። ጓደኛችን «እሺ፣ መቶውን ቁጭ ብሎ የሚለካው ማነው? አንተ?» አለ። ለዚህ መልስ አልነበረንም፤ ስሌቱን ለኮምፒውተር ማስተማር ከሚለው በቀር። እሱም እየተሠራበት ነው።

እኛ አገርስ?

አንዳንዱ አንባቢ እስካሁን «ለመሆኑ ስለምን ቅንጦት ነው የምታወሩት?» እያለ እንደሆነ እናውቃለን። ልክ ነው። ኢኮም እኮ የሚመታን ልብ በቅጽበቱ ያሳያል፤ ርካሽ ነው፤ ይዞት ይሄዳል። አገራችን ውስጥ ወጣቶችን የሚገድለው የሩማቲክ የልብ በሽታ የሚጀምረው በጊዜ ካልታከመ የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ነው፤ መከላከያው ፔኒሲሊን እንጂ ማግኔት አይደለም። ዶ/ር በላይ አበጋዝ መሥርተውት ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የሚገኘው የልብ ማዕከል ደጃፍ ተራ የሚጠብቁትን ልጆች ያየ ሰው መጀመሪያ ኤም.አር.አይ ይገዛ አይልም። እኛም አንልም።

ግን ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ የሩማቲኩ በሽታ የልብን በር ሲያጠብ የላይኛው ክፍል እየተለጠጠ ምቱ ይዛባል። ማለትም የኛ አገር የልብ ሕመምተኛ ከበሮ ለሚጠብቀው ማሽን ፈጽሞ የማይመች ነው። ዛሬም በአገር ውስጥ ማሽን አለ፣ ነገም ይጨመራል፤ ሲጨመር ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ልማድ ለሌላ ሰው ልብ የተሰፋ እንዳይሆን ከአሁኑ መጠየቅ ይቻላል። ሁለተኛው፣ ማግኔቱ ራሱ እየቀለለ ነው። ሜሪላንድ ቤቴስዳ ያለው የአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋም (እማማ ከሚኖሩበት በመኪና ቅርብ ነው) በ2019 ጥንካሬው ወደ 0.55 ቴስላ የተቀነሰ ማሽን በጥሩ ስሌት ሲታገዝ ልብን አሳምሮ እንደሚያይ አሳተመ። እንዲያውም በዚያ ዝቅተኛ ማግኔት ውስጥ ሽቦው ስለማይግል፣ በደም ሥር የሚገባን ቀጭን ቱቦ ያለ ራጅ በሪል ታይም እያዩ ልብ ድረስ መምራት ቀለለ። ከዚያ ወዲህ ለገበያ የወጣ 0.55 ቴስላ ማሽን ከአንድ ሊትር ያነሰ ሂሊየም ነው የሚይዘው፤ የተለመደው ከሺህ ሊትር በላይ ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ማግኔት ሲሞቅ ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ሐኪም ቤት ይቺ ቁጥር ትገባዋለች።

እና ደካማውን ማግኔት ጠንካራ የሚያደርገው ምንድነው? ስሌት። ዩከር ከጎቲንገን በኋላ በርክሌይ ሄዶ ከሌሎች ጋር የሠራው ባርት የሚባል ሶፍትዌር፣ የዳቦውንም የኔትወርኩንም ስሌት የያዘ፣ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ወር አውርዶት ነበር። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠበት፤ በአራተኛው ወረደ። ላፕቶፑ ላይ የናሙና መረጃ ጫነና አንድ ግራጫ ምስል አወጣ። እውነቱን ለመናገር ምን እንደሆነ አላወቅነውም። እሱ ግን ሙሉ ሌሊት አልተኛም።

እማማ ሌላ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ልጃቸው በዚህኛው ቀን ቀድማ ጠየቀች፦ «ሪል ታይም አላችሁ ወይ? ትንፋሽ ሳይያዝ?» ባለሙያዋ ትንሽ ገርሟት አለን አለች። ጓደኛችን ማይክሮፎኑን ይዛ «እማዬ፣ ዝም ብለሽ ተንፍሺ» ብቻ አለቻቸው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል አንቀላፉ። ነቅተው በረጅሙ ሳብ አድርገው ሲተነፍሱ መሐል ግድግዳው ጎበጠ። ሐኪሙ «ቲቢ ታመው ያውቃሉ?» ብሎ አስጠየቀ። «ልጅ ሆኜ፣ ደሴ ሳለሁ፣ ብዙ መርፌ ተወግቻለሁ» አሉ። ስለ መርፌው ለልጃቸውም ነግረዋት አያውቁም።

ከረጢቱን ልጦ የማውጣት ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዟል፤ ቀላል አይደለም፤ ፈርተናል። እስከዚያው ግን ሐኪሙ ፊልሙን በስልካቸው ልኮላቸው እማማ ለቡና የመጣ ጎረቤት ሁሉ ያሳያሉ። ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ደውለን ለእኛም አሳዩን። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ወደ ስልኩ አስጠግተው «አያችሁት? ይቺው ናት» አሉ። «እንዲህ እየተንገዳገደች ነው ስልሳ ዓመት ያዞረችኝ።»